«ታድሷል» የተባለ የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክል ሲገዙ፦ ከቀለሙ ሥር ምን አለ?

ፎቶው ላይ የቤንዚን ታንኩ ያብረቀርቃል። ማርሚታው ፊት ያሳያል። ወንበሩ አዲስ ሌዘር ለብሷል። ከሥሩ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ታድሷል»። ሞተር ሳይክሉ ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም። ሲያዩት ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው። እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል።

እስቲ እጁ ትንሽ ይቆይ። ያቺ ቃል ብቻዋን ምንም አትነግርዎትም። አንዱ ሻጭ «አደስኩት» ሲል እያንዳንዷን ኩሽኔታ አውጥቶ ቀይሯል። ሌላው ቀለም ረጭቶ ወንበር አልብሷል፤ በቃ። ፎቶ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ላዩ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ።

ወደ ውስጡ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ላስተካክል። እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ እኛ «ሞተር» ስንል ሁለቱንም ነው፤ የሚነዳውንም፣ በውስጡ ያለውንም ማሽን። ግራ እንዳንጋባ፣ ሙሉውን «ሞተር ሳይክል»፣ ማሽኑን ብቻ «ሞተር» እላለሁ።

«ታድሷል» ሲባል ምኑ ነው የታደሰው?

ቤት አስቡ። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ግድግዳው ቢቀባ ቤቱ አምሯል። የውሃ ቧንቧውና የመብራት መስመሩ ግን የድሮው ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ግድግዳውን ሰብሮ ቧንቧውን ይቀይራል፤ ከዚያ ይለስናል፣ በመጨረሻ ይቀባል። ከበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቧንቧው ሲፈነዳ ነው።

ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። ሙሉ እድሳት ማለት ሞተር ሳይክሉ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈቶ፣ ሻንሲው ራቁቱን ቀርቶ፣ ሞተሩ ተከፍቶ፣ ክፍሎቹ በመለኪያ ተለክተው፣ ያለቀው ተቀይሮ እንደገና ሲገጠም ነው። ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴ ዓመታት። ማስዋብ ግን የሳምንት ሥራ ነው። በሁለቱ መሃል ደግሞ ብዙ ደረጃ አለ። ካርቡራቶሩ ተጠርጎ፣ ፍሬኑ ተሠርቶ፣ ሞተሩ ግን ያልተከፈተ ሞተር ሳይክል ሊኖር ይችላል። ይሄ በራሱ ነውር የለውም። ደህና የሚሠራን ሞተር ያለ ምክንያት መክፈት ብልህነት አይደለም። ነውሩ ያልተሠራውን ተሠራ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ቃልም ይገጥምዎታል፤ «ኦሪጅናል»። ይሄ ከታደሰ ጋር አንድ አይደለም። ቀለሙ የፋብሪካው፣ ጭረቱም የራሱ፣ ማንም ያልነካካው ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ እሱን ይመርጣሉ፤ የተቀባ ታንክ መልሶ ኦሪጅናል አይሆንማ።

«ካፌ ሬሰር» የሚባለውም አለ። መሪው ዝቅ ብሎ፣ ወንበሩ አጥሮ፣ የሻንሲው ጅራት ተቆርጦ የተሠራ ማለት ነው። ሲያዩት ዓይን ይገባል። ግን ይጠይቁ፤ ሻንሲውን የቆረጠውና የበየደው ማነው? የአየር ማጣሪያው ሳጥን ተነቅሎ በቦታው ትንንሽ ሾጣጣ ማጣሪያዎች ከገቡስ ካርቡራቶሩ እንደገና ተስተካክሏል? በተለይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ካርቡራቶሮች የሚሠሩት በዚያ ሳጥን ውስጥ በተረጋጋ አየር ነው። ሳጥኑ ሲነቀል ሞተሩ ነዳጅ በመጠኑ ሲሰጡት ይደናቀፋል። ሻጩም «ትንሽ ማስተካከል ነው የሚፈልገው» ይላል። ትንሽ ከሆነ ለምን አላስተካከለውም?

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታድሷል ወይ?» ሳይሆን «ምኑ ታደሰ?» ነው። በእውነት ያደሰ ሰው መልስ አያጣም። ሲፈታው ያነሳው ፎቶ አለው። የመለዋወጫ ደረሰኝ አለው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አስቀምጧል። እንደውም ጠይቀውት ወሬውን ማስቆም ነው የሚቸግረው። «ሁሉም ነገር ተሠርቷል፣ አያስቡ» የሚለውን ሰው ግን ያስቡበት።

ለምን የጃፓኑ?

በ1950ዎቹ የጃፓን ሞተር ሳይክል ከጃፓን ውጭ ብዙም አይታወቅም ነበር። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብ የምትባለውን ትንሽዬ ሞተር ሳይክል አወጣ። ያቺ ትንሽዬ ነገር እስከ 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን ተመርታለች። በ1959 ሆንዳ በእንግሊዝና በአየርላንድ መሃል ባለችው የማን ደሴት ወደሚካሄደው ታዋቂ ውድድር ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ በ125 እና በ250 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው) አሸነፈ።

ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ1968 በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ሆንዳ ሲቢ 750ን አሳየ፤ በ1969 ለገበያ አቀረበው። አራት ሲሊንደር፣ 736 ሲሲ፣ 67 የፈረስ ጉልበት። ፊት ለፊት በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን፣ ደግሞም በእግር ሳይረግጡት ቁልፍ ሲጫኑ የሚነሳ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ማንም ሄዶ በሚገዛው ተራ ሞተር ሳይክል ላይ ሲገኝ ሰው ማመን አቃተው። ካዋሳኪ በወቅቱ የራሱን 750 እያዘጋጀ ነበር። ተቀደመ። ሥራውን መልሶ ጀመረና በ1972 ባለ 903 ሲሲውን ዜድ 1 ይዞ መጣ፤ 82 የፈረስ ጉልበት። የፕሮጀክቱ ምስጢራዊ ስም ምን እንደነበር ያውቃሉ? «የኒውዮርክ ስቴክ»። ያማሃ በኤክስኤስ 650፣ ሱዙኪ በውሃ በሚቀዘቅዘው ጂቲ 750 ከዜድ 1 ቀድመው ወጥተው ነበር።

እነዚህ ማሽኖች እስከ ዛሬ የቆዩት በዕድል አይደለም። አንዱን ምክንያት ብቻ ላንሳ። የሞተሩ የታችኛው ቤት ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይገጣጠማል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ከላይ ወደ ታች የተከፈሉ ነበሩ፤ ግራና ቀኝ። መጋጠሚያው ዘይቱ በተጠራቀመበት ታች ያልፋል። ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በመጋጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ትንሽ ሲደክም ዘይት ይንጠባጠባል። ሆንዳና ሌሎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች በአግድም ከፈሉት፤ ላይና ታች። የታችኛው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዘይቱን ይይዛል፤ መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ነው። የጃፓን ሞተር ሳይክል የቆመበት መሬት ደረቅ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «የድሮ ስለሆነ ነው የሚያንጠባጥበው» የሚል ሻጭ ከገጠመዎት፣ አይደለም። የሚያንጠባጥበው እሱ በደንብ ስላላደሰው ነው።

ብዙ ካልተነዳ ጥሩ አይደል እንዴ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «20 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነው የቆመው፣ ምንም አልተነዳም» ሲባል ደስ ይለናል። መቆም ግን የራሱ በሽታ አለው።

ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ቤንዚን ከአየር ጋር ተደባልቆ መግባት አለበት። ያ ድብልቅ በፒስተን መታመቅ አለበት። ከዚያ በትክክለኛዋ ቅጽበት የእሳት ብልጭታ ያስፈልገዋል። ቆሞ የኖረ ሞተር ሳይክል ሦስቱንም ቀስ በቀስ ያጣል።

ከቤንዚኑ እንጀምር። ካርቡራቶር ማለት በአጭሩ እንደ ሽቶ መርጫ ነው። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ይስበውና ይረጨዋል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማለትም ቆሞ ሲያንኮራፋ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር ትጠባለች። ቤንዚን ሲቆይ ይተንና እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ በኋላም እንደ ቫርኒሽ የሚደርቅ ቅሪት ይተዋል። መጀመሪያ የምትደፈነው ያቺ ቀዳዳ ናት። ምልክቱም ይታወቃል። ነዳጅ ሲሰጡት ይሮጣል፤ እጅ ሲለቁ ይጠፋል። ሻጩ «ሲሞቅ ይስተካከላል» ይላል።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሳይክል ደግሞ ብዙ ጊዜ አራት ካርቡራቶር አለው። አራት ሰዎች አንድ ከባድ ሳንዱቅ ሲሸከሙ ያስቡ። አንዱ ቀድሞ ቢያነሳ፣ ሌላው ቢዘገይ ሳንዱቁ ይንገዳገዳል። አራቱም እኩል እንዲያነሱ በግፊት መለኪያ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በሚገባ ሲሠራ ድምፁ ይለወጣል። መንቀጥቀጡ ይቀራል፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሆናል።

ታንኩ ውስጥ ደግሞ ዝገት አለ። ከላይ የቱንም ያህል ያማረ ቀለም ቢቀባ፣ ክዳኑን ከፍተው በስልክዎ ባትሪ ወደ ውስጥ ያብሩ። ንጹሕ ብረት ከሆነ መልካም። ቡናማ ዱቄት ካለ ያ ዱቄት ወርዶ ካርቡራቶሩን ይደፍናል። አንዳንዴ ውስጡ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን ተቀብቶ ያገኙታል። ሽፋኑ በደንብ በጸዳ ብረት ላይ ከተቀባ ጥሩ ነው። ዝገት ላይ ከተቀባ ግን እንደ ደረቀ ልጣጭ እየተነሳ ይወርዳል።

ከዚያ ጎማ ነክ ነገሮች በሙሉ። የመኪና ጎማ ማለቴ አይደለም። የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ካርቡራቶሩን ከሞተሩ የሚያገናኙት የላስቲክ አንገቶች፣ ዘይት የሚያግዱ ቀለበቶች፤ ማንም ሳይነካቸው ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አንገቱ ከተሰነጠቀ ሞተሩ በማያስፈልግ ቦታ አየር ይስባል። አየር ሲበዛ ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከቀለም ሥራ ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው ኢምንት ነው። ግን ፎቶ ላይ አይታዩም፤ ስለዚህ ይዘለላሉ።

ብልጭታውን በአጭሩ ልለፈው። በብዙዎቹ የ1970ዎቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ካንዴላው መቼ ብልጭ እንደሚል የሚወስኑት እየተከፈቱ የሚዘጉ ሁለት ትናንሽ የብረት ጥርሶች ናቸው። ይበላሉ፤ ክፍተታቸው ይዛባል። መሞረድና ማስተካከል፣ ካልሆነም መቀየር ነው። ብዙ አዳሾች አውጥተው ኤሌክትሮኒክ ይገጥማሉ። እኔ በዚህ አልጣላም። ፍሬቻው አለመሥራቱ፣ መብራቱ መፍዘዙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገመድ ማያያዣዎች ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ይይዛቸዋል።

ሄጄ ሳየው ምኑን ልይ?

ከመሄድዎ በፊት ለሻጩ አንድ ነገር ይንገሩት፤ «እስክመጣ አታስነሳው»። አንዴ አንዱን ላይ ሄድኩ። ሰውየው በር ላይ በፈገግታ ተቀበለኝ። «ለአንተ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ» አለኝ፤ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። እጄን ወደ ሞተሩ ሳስጠጋ ያቃጥላል። የሞቀ ሞተር ማንም ያስነሳዋል። ያልኩትን አልሰማም እንጂ ሞተሩ እውነቱን የሚናገረው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው። አልገዛሁትም።

ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩን፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ቤንዚን የሚያበዛውን ማንሻ፣ ስበው ያስነሱት። ትንሽ ቢያንገራግር ችግር የለውም። ጭሱን ይዩ። ነጭ ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ የውሃ እንፋሎት ነው፤ አያስጨንቅም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ወይም የቫልቩ (ድብልቁን የሚያስገባው፣ ጭሱን የሚያስወጣው በር) ጎማ አልቋል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል፤ ይሄኛው ቀላሉ ነው። ከላይ በኩል ስስ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ምናልባት የቫልቭ ክፍተት ነው። ከታች፣ ከሆዱ፣ የታመቀ ድም ድም ካለ ግን ራስ ቁርዎን አንስተው ወደ ቤትዎ።

ከዚያ ጎንበስ ይበሉና የብሎኖቹን ጭንቅላት ይመልከቱ። ይህቺን ጥቆማ ከሁሉም አብልጬ እወዳታለሁ። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክል ጎን ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች ከተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጋር አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። የጃፓን የራሱ ደረጃ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለ። በተለመደው ካቻቢቴ በኃይል ሲፈቱ ካቻቢቴው ተንሸራቶ መስቀሉን ይበላዋል። ስለዚህ ጭንቅላታቸው የተበላሸ ብሎኖች ካዩ፣ ሞተሩን የነካው ሰው ትክክለኛውን መሣሪያ እንኳ አልያዘም ማለት ነው። መሣሪያ ያልያዘ ሰው ውስጡን እንዴት እንደገጠመው መገመት አያቅትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጎማውን አይርሱ። ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያ ጎማ ድንጋይ ሆኗል፤ መንገድ አይዝም። ታንኩ አዲስ ቀለም፣ ጎማው የ25 ዓመት ከሆነ፣ የእድሳቱን ዓይነት ጎማው ነግሮዎታል።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያዙሩት። መሃል ላይ ገባ የሚል ስሜት ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተጎድቷል። የፊት እግሮቹ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ማገጃ ጎማው ደክሟል። ብረቱ ላይ የዝገት ጉድጓድ ካለ ደግሞ አዲሱንም ማገጃ ይበላዋል። ሲነዱት በትልቅ ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ ይስጡ። የሞተሩ ድምፅ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ገብቶ በራሱ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ሞተሩን መክፈት ግድ ነው።

ወረቀቱስ? የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ራሱ ሞተሩ ላይ። ሁለቱን ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ቁጥሩ አካባቢ የተሞረደ፣ ስቱኮ የተቀባ፣ ወይም ፊደሎቹ የተንጋደዱ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አለመመሳሰላቸው ግን ብቻውን አያስደንግጥዎት። የሆንዳ ሻንሲና ሞተር ከፋብሪካ ሲወጡም ለየብቻ ነበር የሚቆጠሩት።

የወደደ ልብ ጉድለት አያይም። ይህን ሞተር ሳይክል የማይፈልግ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ጭሳሙ፣ ባለ ሁለት ምቱ ከሆነስ?

ያማሃ አርዲ 350፣ የካዋሳኪ ባለ ሦስት ሲሊንደሮቹ፣ የሱዙኪ ጂቲዎች፤ እነዚህ ባለ ሁለት ምት ናቸው። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብረው ያቃጥላሉ። ስለዚህ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ለእነሱ በሽታ አይደለም። እንደ ሌሎቹ ዓይነት ክፍተቱ የሚስተካከል ቫልቭ የላቸውም፤ ክፍሎቻቸው ጥቂት ናቸው። ለመጠገን ይቀላሉ፤ ጉልበታቸው ግን ድንገት ነው የሚመጣው። የ1969ኙ የካዋሳኪ ኤች 1 «ባል ገዳይ» የሚል ቅጽል የወጣለት በከንቱ አይደለም። 500 ሲሲ ሆኖ 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ፍሬኑና ሻንሲው ግን ለዚያ አልተዘጋጁም።

ለገዢ አንድ ወጥመድ አለ። ከፒስተኑ ሥር ዋናውን ዘንግ ግራና ቀኝ የሚያሽጉ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ሲቆሙ ይደርቃሉ። ሞተሩ ይነሳል፣ ደህና ይመስላል። ከዚያ በፍጥነት ሲነዱት አየር ይስባል፣ ይሞቃል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል። ስለዚህ «እነዚያ ቀለበቶች ተቀይረዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው መልሱን አግኝተዋል።

መለዋወጫ ይገኛል?

እንደ ሞዴሉ ነው። በብዛት የተሸጡት፣ ማለትም ሲቢዎቹ፣ ዜድ 1፣ ኤክስኤስ 650፣ ዛሬም አዲስ የሚሠራላቸው ዕቃ ሞልቷል። ካዋሳኪ ራሱ የዜድ 1ን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ራስ) ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ መልሶ እስከ ማምረት ደርሷል። ጥቂት ብቻ የተሠራ ሞዴል ግን ሌላ ነው። ሞተሩን ይጠግኑታል፤ የጎን ሽፋኑን፣ የታንክ ምልክቱን፣ ኦሪጅናሉን ማርሚታ ግን የትም አያገኙትም። የሚገርመው፣ የማይገኘው ብዙ ጊዜ ጌጡ ነው። ስለዚህ የተሟላ ግን የተጎሳቆለ ሞተር ሳይክል፣ ከሚያብረቀርቅ ግን ዕቃው ከጎደለ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ብርቅ ሞዴል ባይመርጥ እመርጣለሁ።

ገዛሁት፤ ቀጥሎስ?

ሻጩ ቅዱስ ቢሆን እንኳ ምንም እንዳልተሠራ ይቁጠሩት። ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይት፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ካንዴላ፣ ካላማዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ)፤ ሁሉንም ይቀይሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ሳይነዳም ያረጃል። የሞተር ዘይት ሲገዙ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም አላቸው፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ። ለሞተር ሳይክል ነው ማለት ነው።

የቫልቭ ክፍተት ማስተካከልን ይማሩ። በሲቢ 750 ላይ ለማስገቢያው ቫልቭ 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊሜትር ነው። ተራ ወረቀት 0.1 ያህል ውፍረት እንዳለው ቢያስቡት፣ ከወረቀት የሳሳ ክፍተት ነው የሚለኩት። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት። ስሱን የመለኪያ ብረት አስገብተው ሲስቡት ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላ ትንሽ ያዝ ያደርጋል፤ ያ ነው ልኩ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጅብዎታል። በሦስተኛው ቡናዎ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳሉ።

ሞተሩ በእርግጥ ተከፍቶ አዲስ ፒስተን ወይም ፋሻ ከገባለት ሮዳጅ፣ ማለትም ቀስ በቀስ ማለማመድ፣ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹን መቶዎች ኪሎሜትሮች ሙሉ ነዳጅ አይስጡት። በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ጊዜ አይንዱት፤ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ዘይቱንም ቶሎ ይቀይሩ። የመጀመሪያው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ቢያዩ አይደንግጡ። ያንን ሊያወጣ ነው የተቀየረው።

ለወራት ሊያቆሙት ከሆነ ታንኩን ሙሉ አድርገው፣ የካርቡራቶሩን ሳህኖች ባዶ አድርገው፣ ባትሪውን ነቅለው ያቁሙት። ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር የለም፤ አየር ከሌለ ዝገት ይቸገራል።

ለመሆኑ መንዳቱ ምን ይመስላል?

የዛሬ ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በፍሬኑ ነው። ይይዛል፤ ግን ቀደም ብለው መጫን አለብዎት። የ1970ዎቹ የጃፓን ዲስክ ፍሬኖች በተለይ ዝናብ ላይ ሰነፍ ናቸው። ሲጫኑ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ዲስኩ ሲደርቅ ድንገት ይይዛል። መብራቱም ደካማ ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን ሞተሮች ከሻንሲያቸው ቀድመው ነበር የሄዱት፤ በፍጥነት ጠመዝማዛ ላይ ትንሽ ሲወዛወዝ ይሰማዎታል። ስለዚህ ርቀት ይጠብቁ፣ አይቸኩሉ። እንደ ዘመኑ ይንዱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ ነው። ምንም ኮምፒውተር የለም። እጅዎ ሲጠመዘዝ ገመድ ይስባል፤ ገመዱ ካርቡራቶሩን ይከፍታል፤ ሌላ አማላጅ የለም። ሲበላሽ በድምፅ ይነግርዎታል። ሲስተካከልም እንዲሁ።

ለእኔ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘው የያማሃው ኤስአር 400 ነው። በ1978 ወጥቶ እስከ 2021 ድረስ ተመርቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚነሳው በእግር ብቻ ነበር፤ የመነሻ ቁልፍ ጨርሶ አልተገጠመለትም። ጉልበተኛ ሰው መጥቶ እየደጋገመ ይረግጠዋል፤ አይነሳም። የሚያውቀው ሰው ግን መጀመሪያ ግራ እጁ ጋ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይጫናል። እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ይገፋል። ዓይኑ ቴስታታው ጎን ላይ ካለችው ጥፍር ከምታህል መስኮት ላይ ነው። ብርማ ምልክት ብቅ ስትል ማንሻዋን ይለቃል። ፒስተኑ አሁን ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። መርገጫውን ወደ ላይ ይመልሳል። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ታች።

ዱብ። ዱብ ዱብ ዱብ።